«ኢትዮጵያ» ከሚለው ሰሌዳ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው ስለ ጎጃም ምን ያውቃል?

የጮቄ ጉም (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ሰነበታችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ላንሣና እናውራበት።

መንግሥታት ልዑካን የሚልኩበት አንድ ትልቅ ጉባኤ አለ። የሚመክረው ስለ ስደትና ልማት ነው፤ ስሙም የስደትና ልማት ዓለም አቀፍ መድረክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ብራስልስ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማኒላ፣ አቴንስ፣ ሞሪሸስ፣ ስቶክሆልም፣ ኢስታንቡል፣ ዳካ፣ በርሊን፣ ማራካሽ እያለ ሲዞር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ጄኔቫ ነበር። የቅርቡ ደግሞ በእኛ 2017 ነሐሴ ማለቂያ ላይ ኮሎምቢያ ውስጥ ሪዮሃቻ በምትባል ከተማ ተካሄደ።

እዚያ የሚወራው ነገር ሁሉ እኛ ደጅ ያለ ነው። ማን ሄደ፣ በምን መንገድ ሄደ፣ ምን ላከ፣ ምን ይዞ ተመለሰ። ከደጀን እስከ ዱርቤቴ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ አዲስ ቆርቆሮ የመታ ቤት ስታዩ ባለቤቱን ጠይቁት። ወይ በርበሬው ይዞለታል፣ ወይ ልጁ ዓረብ ሀገር አለች።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እዚያ ጉባኤ ላይ እኛን ወክሎ የሚቀመጠው ሰው ስለ እኛ ምን ያውቃል? ከመሄዱ በፊት ማን ነገረው? ሲመለስስ ለማን ይናገራል?

የወረዳ ሥራና ክህሎት ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ለመሄድ የሚመዘገቡትንም፣ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱትንም የሚያያቸው እሱ ነው። «ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ሲዘጋጁ አንተን ጠይቀውህ ያውቃሉ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እልካለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል» አለኝ።

አበል ይቀድማል (ባሕር ዳር)

ምን ያውቃል? የሆቴሉን ቁርስ ያውቃል።

ወንድሜ፣ ልዑክ ማለት ሻንጣ ይዞ ሄዶ ሻንጣ ይዞ የሚመለስ ሰው ነው። ልዩነቱ ሲመለስ ሻንጣው ይከብዳል። ከዚያ በቴሌቪዥን «ፍሬያማ ውይይት አድርገዋል» ይባልልናል። ፍሬውን የበላ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ቃለ ጉባኤ (ትውልድ ሞጣ፣ ኑሮ አዲስ አበባ)

አበል፣ አሳቅከኝ። ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኔ በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ ልዑክ ሆኜ ሳይሆን ከኋላ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ነገር ይህ ጉባኤ ምንም አይወስንም። ሕግ አያወጣም፣ ውል አይፈርምም። ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ስለ ስደትና ልማት ከፍተኛ ውይይት ባደረገ ጊዜ ነው። ያቀረቡት ኮፊ አናን ናቸው። ሰው ላኪውም ሰው ተቀባዩም ሀገር ሳይካሰስ የሚያወራበት ቦታ ይኑር ተባለ። ስለዚህ «ምን ወሰኑ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ሁልጊዜም «ምንም» ነው። መጠየቅ ያለበት «ማንን አገኙ? ምን ጠየቁት?» ተብሎ ነው።

ስለ ልዑካን ቡድን ደግሞ። አቅም ያለው ሀገር ከውጭ ጉዳይ፣ ከሥራ ሚኒስቴር፣ ከኢሚግሬሽን፣ ከልማት ትብብር አሰባጥሮ ይልካል። አቅም የሌለው በአቅራቢያው ካለው ኤምባሲ አንድ ዲፕሎማት ይመድባል። ያ ሰው ባለፈው ሳምንት የጤና ስብሰባ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የንግድ ስብሰባ ላይ ይሆናል። ስለ ስደት የሚያውቀው ከዋና ከተማ በኢሜይል የመጣለትን ሁለት ገጽ ነው።

አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የሀገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተጋድሞ ይቀመጣል። መናገር የፈለገ ልዑክ ሰሌዳውን ያቆመዋል። ሰብሳቢው አይቶ ይመዘግበዋል፣ ተራ ይጠበቃል። ደቂቃ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ግማሹ ደቂቃ በምስጋና ያልቃል፤ አስተናጋጁ ይመሰገናል፣ ሰብሳቢው ይመሰገናል፣ ከተማው ይመሰገናል። የተረፈው ከቤት ተጽፎ የመጣ ንባብ ነው። አንድ ሰው ወረቀቱን ትቶ የሚያውቀውን ሲናገር ግን አዳራሹ በሙሉ ከስልኩ ቀና ይላል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ዋናው ሥራ ያለው ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ፣ ቡናው ጋ ነው። የሁለት ሀገር ልዑካን ጥግ ይይዛሉ። «ያንን የሠራተኛ ስምምነት ረቂቅ መቼ ትመልሱልናላችሁ?» ይባባላሉ። ጥያቄውን የሚያውቅ ሰው እዚያ ካለ ነገር ይንቀሳቀሳል። ከሌለ ፎቶ ተነሥተው ይለያያሉ።

አበል ይቀድማል

ለቡናው ከሆነ እዚሁ ቡሬ መጥተው ይጠጡ። ሦስተኛው ጀበና ሳይወርድ ስምምነቱ ያልቃል።

የዓርብ ፈቃድ (ጅዳ)

ቃለ ጉባኤ ወንድምዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ስለ አዳራሹ አላውቅም። ስለ ወጥ ቤቱ ግን ልንገራችሁ።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ስትሰበስብ እዚህ ነበርኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ተጭኖ ሀገሩ ገባ። በዚያው ሰሞን መንግሥታችን ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገር መሄድን አገደ። እገዳው የተነሣው በ2010 ነው። በመሀሉ ሰው መሄድ አቆመ? አላቆመም። በበሩ ይሄድ የነበረው በመስኮት ሄደ። በጅቡቲ፣ በኦቦክ፣ በጀልባ፣ በየመን በረሃ። የእኛ አገር ልጆችም አሉበት። ያን ጊዜም ስብሰባ ነበር፤ ያን ጊዜም ልዑክ ይሄድ ነበር።

እኔ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። ኮንትራቴ ሕጋዊ ነው። ፓስፖርቴ ግን ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሕጉ እንደማይፈቅድላት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ማን ይንገራት?

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። እናቴ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ያለ ገጠር ነው ያለችው። ወደ ከተማ የምትወርደው በገበያ ቀን ነው። የላክሁበትን ቁጥር የጎረቤት ልጅ በወረቀት ይጽፍላትና በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራው ትመጣለች። ሰልፍ ትይዛለች። ተራዋ ሲደርስ ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ትነካካለች፣ ትነካካለች፣ ከዚያ «እማማ፣ ሲስተም የለም» ትላታለች። እናቴ ወረቀቷን መልሳ ትቋጥራለች። ማታ በስልክ «ዛሬም ሰውየው አልመጣም አሉኝ» አለችኝ። ሲስተም ሰው መስሏት።

የቡሬ በርበሬ

እታለም፣ እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ። ሰውየው እኛንም ጠፍቶብናል።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልጨምር፤ ሥራዬ ስለሆነ። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ስለ ልማት ገንዘብ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ልዑካን መጥተው እኛው ቤት ተቀምጠው ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ስደተኛ ወደ ሀገሩ ሲልክ የሚከፍለው ወጪ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በወጡት የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥም ገባ። ዛሬስ? የዓለም ባንክ እንደሚለው ከሰሃራ በታች ወዳሉ ሀገሮች 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ወደ 8 በመቶ ይፈጃል። 16 ዶላር መሆኑ ነው። በ3 በመቶ ቢሆን 6 ዶላር ነበር። መሀል ላይ የቀረችው 10 ዶላር ዛሬ ከሺህ ብር በላይ ናት። ሺህ ብር ለአንድ የገጠር እናት ምን እንደሆነ ለዚህ ቤት አልነግርም።

ሰው ለምን በባንክ አይልክም ብለው ደግሞ ይገረማሉ። እስከ 2016 ሐምሌ ድረስ ዶላር ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ውጭ ግን ከመቶ በላይ። ማን ሞኝ አለ? በሐዋላ የምትልክ ልጅ ጅዳ ላይ ሪያሉን ትሰጣለች፣ እዚህ ደግሞ ሱቅ ያለው ሰውዬ ለእናት ብሩን ይቆጥራል። ሲስተም የለም አይላትም። ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ ልዩነቱ ጠብቧል። ሐዋላው ግን አሁንም አለ፤ ምክንያቱም ሐዋላው ቀበሌ ድረስ ይመጣል።

ልዑኩ ይህን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው። «ሕገ ወጥ ሐዋላን እንዋጋለን» ብሎ ከመመለስ፣ «ገጠር ለምትቀመጥ እናት በምን ላድርስላት?» ብሎ ባንግላዴሹን ቢጠይቅ። እነሱ ጋ በሞባይል ገንዘብ ገጠር ድረስ መላክ ከተለመደ ቆይቷል።

አወያይ

ስለ ምንዛሪና ስለ ጦርነቱ ፖለቲካ ሁለት መልእክት አንሥቻለሁ። ለእሱ ሌላ ክር አለ። እዚህ ስለ ጉባኤውና ስለ ልዑካኑ።

የኔታ ዘቢቸና

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጽሑፉን የልጅ ልጄ ነው የሚመታልኝ።

ጎጃሜ ከጥንት እግረኛ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያለ ይዞር ነበር። እኔም ዞሬያለሁ። ውሻ ነክሶኛል፣ ቁራሽ ለምኛለሁ። ያ ግን ለመመለስ የሚወጣ መውጣት ነበር።

አሁን መሬቱ ጠበበ። አባት ለአምስት ልጅ የሚያካፍለው ጥማድ የለውም። አዝመራ ሲደርስ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርደው ጎረምሳ ስንቱ ነው? ወባ ይዞ የሚመለሰውስ? አዲስ አበባ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ የቀን ሥራ ቆሞ የሚጠብቀውስ? ይህ ሁሉ ባሕር አልተሻገረም። ፓስፖርት የለውም። ለእሱ የሚሄድ ልዑክ አለ ወይ?

ደግሞስ፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። የሚናገርላችሁን ከመካከላችሁ ላኩ።

ቃለ ጉባኤ

የኔታ፣ እውነት አሉ። በእነዚህ ጉባኤዎች ላይ የሚቆጠረው ድንበር የተሻገረው ነው። የመተማው ጎረምሳ ድንበሩን እስኪሻገር ድረስ ማንም አያየውም። ከተሻገረ በኋላ ግን ችግር ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይላችሁ። ጉባኤ ሁሉ አንድ አይደለም። እስካሁን የምናወራው የወሬ ጉባኤ ነው፤ ወሬ ስል ንቄ አይደለም። ሌላው ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኅዳር ሮም ላይ የካርቱም ሂደት የሚባለው ተጀመረ፤ የአውሮፓና የአፍሪካ ቀንድ ሀገሮች ያሉበት ነው። በዓመቱ ማልታ፣ ቫሌታ ላይ መሪዎቹ ተሰበሰቡ። አውሮፓ 1.8 ቢሊዮን ዩሮ የአደጋ ጊዜ ፈንድ ይዛ መጣች። በምላሹ የፈለገችው ግልጽ ነበር። ሰው እንዳይመጣ፣ የመጣውም እንዲመለስላት። እዚያ የሚቀመጥ ልዑክ ሰጥቶ መቀበል የሚያውቅ ካልሆነ ይበላል።

ሦስተኛው ዓይነት ወረቀት ይዞ የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታኅሣሥ ማራካሽ ላይ የስደት ዓለም አቀፍ የጋራ ስምምነት ጸደቀ። 23 ዓላማዎች አሉት። በሳምንቱ ኒው ዮርክ ላይ ድምፅ ተሰጠበት፤ 152 ደገፉ፣ አሜሪካ፣ ሃንጋሪ፣ እስራኤል፣ ቼክና ፖላንድ ተቃወሙ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

አበል ይቀድማል

አስገዳጅ ነው?

ቃለ ጉባኤ

አይደለም።

አበል ይቀድማል

ላም አለኝ በሰማይ።

ዳንግላ 12ኛ

ይቅርታ ውይይቱን ላቋርጥ። 12ኛ ጨርሻለሁ፣ ውጤት አልመጣልኝም። እህቴ ደግሞ ልትሄድ ነው። አንድ ኤጀንሲ ለቪዛና ለቲኬት ብር አምጪ ብሏታል። አባቴ በግ ሊሸጥ ነው። ትክክል ነው ወይ? እዚህ የሚያውቅ ሰው ስላየሁ ነው።

ቃለ ጉባኤ

ወንድሜ፣ በጉን ያቆየው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በ2013 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ የአሠሪው ወጪ ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የመሳሰለውን ነው። ለቪዛና ለቲኬት የጠየቃት ሰው ከአሠሪውም ተቀብሏል፣ ከአባትህም ሊቀበል ነው።

የዓርብ ፈቃድ

እህትህ ትስማኝ። ውሉን ሳትፈርም በስልኳ ፎቶ ታንሣው፣ ለአንተም ትላክልህ። ደመወዙ በሪያል ስንት እንደሆነ፣ የቤቱ ሰው ስንት እንደሆነ፣ የዕረፍት ቀን እንዳላት ትጠይቅ። ፓስፖርቷን ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽና ቪዛ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሥታ ኢሜይል ላይ ታስቀምጠው። ዋናው ቁም ሣጥን ቢገባ እንኳ ቁጥሩ ከእጇ አይጠፋም። ደላላው ሲያወራ ደግሞ አትመነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ዳንግላ 12ኛ

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ለአባቴ አነብለታለሁ።

የቡሬ በርበሬ

አያችሁ? ይቺ ጥያቄ ራሷ የልዑክ ሥራ ናት። ያ የማራካሽ ወረቀት ዓላማ 6 የሚለው ይህንኑ ነው። ሠራተኛ ለመቀጠር ብሎ ክፍያ አይጠየቅም ይላል። አበል «አያስገድድም» አለ፤ እውነት ነው። ግን የእኛ ልዑክ ከባሕረ ሰላጤው ልዑክ ጋር ቡናው ጋ ሲቆም «አንተም ድምፅ የሰጠህበት ነው» ሊለው ይችላል። ባዶ እጅ ከመቆም ይሻላል።

የሰከላ ልጅ

እኔ ብዙ አልጽፍም። ታናሽ ወንድሜ በመተማ ወጣ። ሱዳንን አልፎ ሊቢያ ገባ። ከዚያ የመጣው ስልክ ብር ላኩ የሚል ነበር። ሁለቱ በሬዎች ተሸጡ። ዘመድ አዋጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጥላ ተዘርግቶ ተለመነለት። ላክን። ከላክን በኋላ ስልኩ አልመጣም።

ስሙን የሚመዘግብልን ፈለግን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው መልሶ ላከን። እናቴ ሙት ዓመት እንዳታወጣ ሞቱን አላወቀችም፤ ተስፋ እንዳታደርግ ድምፁን አልሰማችም።

ልዑካኑ ስለ ሚላከው ገንዘብ ሲያወሩ ስለ ጠፋውም ሰው ያውሩ።

ቃለ ጉባኤ

እግዜር ያጽናችሁ ወንድሜ። ዓላማ 8 ስለዚህ ነው፤ የሰው ሕይወት ስለ ማዳንና የጠፉትን ስለ መፈለግ። ሌላ ነገር ለማለት ቃል የለኝም። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው፤ ካልሞከራችሁ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቅጹን አብረን እንሞላለን።

ወንዝ ተሻጋሪ (ደጀን)

ስለ ሪዮሃቻ ማንም ምንም ሳይል አለፈ። እኔን የገረመኝ እሷ ናት። ሪዮሃቻ ዋና ከተማ አይደለችም። ላ ጉዋሂራ የሚባለው፣ ከቬንዙዌላ ጋር የሚዋሰነው ክፍለ ሀገር መዲና ናት፣ ካሪቢያን ባሕር ዳር። ቬንዙዌላውያን ሀገራቸው ሲብስባቸው ከሚወጡባቸው በሮች አንዱ በዚያ ነው። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእነዚያ ሰዎች የአሥር ዓመት ጊዜያዊ ከለላ ፈቀደች። ከዚያ ልዑካኑን ቦጎታ ሆቴል ውስጥ አላስቀመጠችም፤ መንገዱ ዳር ወሰደቻቸው።

እስቲ የእኛ ሰዎች ዝግጅታቸውን አዲስ አበባ ከማድረግ አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ ቢያደርጉት? ዓባይን መሻገር ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው።

አበል ይቀድማል

ይመጣሉ እኮ። ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይሞላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ውሃ ይታደላል። «ከማኅበረሰቡ የተውጣጡ» ተብለው የሚቀመጡት የሊቀ መንበሩ የአክስት ልጅና የአክስቱ ልጅ ጓደኛ ናቸው። የሰከላው ወንድማችን በር ላይ «ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ይባላል። ወደ ጉባኤው ከእኛ አንድ ሰው ይሂድ ብትሉም ያው ነው። ማን እንደሚሄድ አሁን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ቃለ ጉባኤ

አበል፣ የምትለው ይሆናል። ግን በር አንድ ብቻ አይደለም። እዚያ ጉባኤ ላይ ከመንግሥት ልዑካን ሌላ የሲቪል ማኅበራት የራሳቸው ቦታ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለከንቲባዎች የተለየ መድረክ ተከፍቷል። የከተማ ከንቲባ የሚኒስትር ፊርማ ሳይጠብቅ የሚናገርበት ነው። ከስደት ተመላሽ የሚያርፈው ከተማ ላይ ነው፤ ቤት የሚከራየው፣ ሥራ የሚጠይቀው እዚያ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ለምን አይናገሩም? ይህን በር የሚያውቅ ከንቲባ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ንገሩት።

ደግሞ የፊሊፒንስን ልንገርህ። እነሱ ስደተኛ ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት እስከ ማቋቋም ደርሰዋል፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ፊሊፒናዊት ኩዌት ውስጥ ተገድላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘች። ሠራተኛ መላክ አቆሙ። ተደራደሩ። በግንቦት ስምምነት ተፈረመ። ውስጡ ምን ነበረ? ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና ስልኳን ራሷ ትይዛለች የሚል። በቃ፣ ቁም ሣጥኑ። እነሱ ምን ማስፈረም እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር።

የዓርብ ፈቃድ

ጎረቤቴ ያለችው ፊሊፒናዊት ስልኳን ኪሷ ውስጥ ነው የምትይዘው። እኔ ይህን የምጽፈው ፍራሽ ሥር ከደበቅሁት ነው።

አበል ይቀድማል

…ይሄን አላውቅም ነበር። እንግዲያስ የሚሄደው ሰው መጀመሪያ እዚህ ክር ላይ ይምጣ። እኔ ቡናውን እከፍላለሁ።

የጮቄ ጉም

እሺ። ወረዳ ያለው ጓደኛዬ ክሩን አንብቦታል። «ጥያቄዎቹን አንድ ገጽ ላይ ጽፈህ ስጠኝ፤ ከሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጋር አያይዘዋለሁ» ብሏል። ከላይ ያለው ቢጥለውም እሱ መላኩን ይልካል። ቃለ ጉባኤ ደግሞ በሲቪል ማኅበራቱ በኩል የሚያውቀው ሰው ካለ ለእሱም እንሰጠዋለን። አንድ አንድ ጥያቄ ጻፉ። አጭር ይሁን። ምስጋና አያስፈልግም።

የቡሬ በርበሬ

ከሳዑዲ ገጠር ድረስ በሞባይል ለመላክ የቀረው ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው መፈራረም ያለባችሁ?

የሰከላ ልጅ

የጠፋ ሰው ስም የሚመዘገበው የት ነው? የአንድ ቢሮ ስም ብቻ።

ዳንግላ 12ኛ

ውሉ ለምን በአማርኛም አይሰጠንም? እህቴ ያመጣችው በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አባቴ ገልብጦ ሲያየው ነበር።

የኔታ ዘቢቸና

ሰሊጥ አጫጁን ማን ይቆጥረዋል?

አበል ይቀድማል

ልዑካኑ የጻፉት ሪፖርት ከተመለሱ በኋላ በስንት ቀን ለሕዝብ ይወጣል? ፈገግ ብላችሁ አትለፉት፤ ከምሬ ነው።

የዓርብ ፈቃድ

የእኔ ይኸው። ከቤት የምወጣው ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ደግሞ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው። ጉዳይ ያላት የቤት ሠራተኛ ቆንስላ የምትሄደው በየትኛው ቀን ነው? ዓርብ የሚነሣ አንድ ስልክ እንኳ ይኑር። ይህን ጻፍልኝ የጮቄ። ማዳም እየጠራችኝ ነው፣ የቀረውን በሌላ ቀን እጨምራለሁ።